የአገጬ ካርታ

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጢሜን የተላጨሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ተላጭቼ ፊቴን ስታጠብ የሚወርደው ውሃ ቀላ ብሎ አየሁት። ቀና ብዬ መስታወቱን ስመለከት ከታችኛው ከንፈሬ በታች፣ አገጬ ላይ፣ የጥፍር ርዝመት ያላት ቁርጥ አለች፤ ደሟ በአንገቴ ወርዶ የካናቴራዬን አንገትጌ አርሶታል። ምላጩ ሲቆርጠኝ አልተሰማኝም። ደሙ ሲወርድም አልተሰማኝም። ጣቴን ቁስሉ ላይ አድርጌ ጫን አልኩት። ጣቴ አገጬን አወቀው፣ አገጬ ግን ጣቴን አላወቀውም። የሌላ ሰው ፊት የምነካ ነው የመሰለኝ።

ነገሩ የጀመረው ግን ከአገጬ አይደለም። ከላይ፣ ከአንዲት የፊት ጥርስ ነው።

በ16 ዓመቴ ወድቄ የላይኛው የፊት ጥርሴ ከሥሩ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከ20 ዓመት በላይ ማታ የሚወልቅ፣ ጠዋት የሚገባ ተነቃይ ጥርስ ሳደርግ ኖሬያለሁ። ሰው እንዳያውቅብኝ ስስቅ በከንፈሬ እሸፍነው ነበር። በኋላ ሚስቴ እንደነገረችኝ ከሆነ ያላወቀ ሰው አልነበረም።

ጥርስ ሲሄድ ብቻውን እንደማይሄድ ያኔ የነገረኝ የለም። ጥርስን አቅፎ የያዘው የመንጋጋ አጥንት የሚኖረው ለጥርሱ ሲል ነው፤ ጥርሱ ከወጣ እሱም ቀስ በቀስ ይሟሟል። በ12 ወር ውስጥ የዚያ አጥንት ስፋት ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ ከሚጠፋውም አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። እኔ የቆየሁት ደግሞ 3 ወር ሳይሆን 20 ዓመት ነው።

ሐኪሟ የመንጋጋዬን የሲቲ ምስል ኮምፒውተሩ ላይ እያዞረች አሳየችኝ። አጥንቴ ከጎን ሲታይ እንደ ቢላ ስለት ሳስቷል። «እዚህ ጋ 3 ሚሊ ሜትር ነው» አለችኝ። «የምንተክለው የቲታኒየም ብረት ሥር ራሱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል። ከፊቱም ከኋላውም ደግሞ አጥንት ሊተርፈው ይገባል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ዶክተር?»

«አጥንት እንጨምራለን።»

«ከየት?»

«ከራስዎ። ከአገጭዎ።»

ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሃድ የተስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1952 ገደማ ነው። ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ የተባለው ስዊድናዊ ተመራማሪ ጥንቸል አጥንት ውስጥ የከተተውን የቲታኒየም መሣሪያ መልሶ ሊያወጣው ሲል አጥንቱ አልለቅም አለው። የመጀመሪያውን ሰው ያከመው በ1965 ነው። ያ ሁሉ ግኝት ግን የሚሠራው ቲታኒየሙን የሚይዝ አጥንት ሲኖር ነው። ከሌለ ይፈለጋል፤ ሲፈለግ ደግሞ ከሰውየው ከራሱ አካል የሚመረጠው በምክንያት ነው። ከከብት አጥንት ተዘጋጅቶ በብልቃጥ የሚመጣው ጥራጥሬ አዲስ አጥንት የሚወጣበት መሰላል ይሆናል እንጂ ራሱ አጥንት አይሠራም። የራስ አጥንት ግን መሰላልም ነው፣ ሠራተኞቹን ማለትም ሕያው ሕዋሳትን ይዞ ይመጣል፣ ሌሎች ሕዋሳትንም ጠርቶ ወደ አጥንት ሠሪነት የሚቀይሩ ፕሮቲኖች አሉት። ሰውነት እንግዳ ነው ብሎ አይጣላውም። በሙያው ውስጥ ላሉት ሰዎች የሌሎቹ ሁሉ መለኪያ እሱ ነው። ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችኝ፤ ጥሩ አስተማሪ ናት።

ስለ አገጬ የተናገረችው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «ትንሽ መደንዘዝ ሊኖር ይችላል፤ ጊዜያዊ ነው።» ከዚያ ፈረምኩ።

ንቅለ ተከላ የሚለውን ቃል ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ ሁለት ሥራ መሆኑን ግን ልብ ያልኩት ጢሜን ስላጭ ከደማሁ በኋላ ነው። ንቅል አለ፣ ተከላ አለ። ሥዕሉ የተሳለልኝ ስለ ተከላው ነው። ጥያቄዎቼም ሁሉ ስለ ተከላው ነበሩ፤ ይይዛል ወይ፣ ስንት ወር ይፈጃል፣ ጥርሱ መቼ ይገባል። የሚነቀልበት ቦታም የእኔው አካል መሆኑን ሐኪሟም እኔም ለአፍታ የዘነጋነው ይመስለኛል።

ማደንዘዣ ሕመም እንጂ ድምፅ አያስቀርም። ይህን ያወቅሁት ወንበሩ ላይ ተጋድሜ ነው። ሐኪሟ የታችኛውን ከንፈሬን ወደ ውጭ ገልብጣ ድዱን ከአጥንቱ ገፈፈችው፤ ይህ የሚታወቀኝ እንደ መጎተት ብቻ ነበር። መቁረጫው ሲነሳ ግን ጩኸቱ በጆሮዬ ሳይሆን በራስ ቅሌ በኩል ገባ። አራት መስመር ቆረጠች፤ የእያንዳንዱን ማለቂያ ከድምፁ መለወጥ እለየው ነበር፤ ጠንካራውን ቅርፊት ሲጨርስ ድምፁ ይወፍራል። ከዚያ «አሁን ትንሽ ማንኳኳት አለ፣ እንዳይደነግጡ» አለችኝ። ረዳቷ መንጋጋዬን ከሥር በሁለት እጁ ደገፈው። መሮና መዶሻ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። በሦስተኛው ምት የሆነ ነገር ቀጭ ብሎ ለቀቀ።

ቁራጩን አየሁት። በጨው ውሃ ውስጥ ተኝቷል፤ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም፣ ፊቱ ነጭ ነው፣ ጀርባው እንደ ስፖንጅ ሆኖ በደም ቀልቷል። ላይኛው መንጋጋዬ ላይ አስደግፋ በሁለት ደቃቃ ብሎኖች አሰረችው፣ ሰፋች፣ አለቀ።

ከላይ ያለው ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው፤ በ4 ወሩ ተከፈተ፣ አጥንቱ ይዟል፣ ብሎኖቹ ወጡ፣ ቲታኒየሙ ገባ፣ ከወራት በኋላ ጥርሱ ተሠራ። ዛሬም ነጭቼበት እበላለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አላሳሰበኝም።

ጉድና ጅራት ግን ከወደ ኋላ ነው። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ፊቴን ካልተለመደ ቅርጽ አድርሶት ወረደ። የተቋጠረው ደም ከአገጬ ወደ አንገቴ እየተንሸራተተ በሳምንቱ መጨረሻ አጥንተ ማጭዴ አጠገብ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ያልፋል፣ አለፈም። ያላለፈው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የአገጬ ቆዳ ነው። ሌላው፣ ጨርሶ ያልጠበቅሁት፣ የታችኞቹ የፊት ጥርሶቼ ነገር ነው።

ጥርሶቼ እንጨት ሆኑ። ይህን ለማማረሪያ ያህል የመረጥኩት ማጋነን እንዳይመስላችሁ፤ ከአገጫቸው አጥንት የተወሰደባቸው ሰዎች በየአገሩ «እንጨት» እንደሚሉ በኋላ አንብቤያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ቃል ያገኘ የለም። ጥርሶቹ አሉ፣ ይነክሳሉ፣ አይነቃነቁም። ግን ሲነክሱ ዜናው ወደ እኔ አይደርስም። ክር በጥርሴ መበጠስ የቆየ ልማዴ ነው፤ ክሩን በላይኛውና በታችኛው ጥርሴ መካከል ሳደርገው የላይኛው «ያዝኩት» ይለኛል፣ የታችኛው ዝም። ጥርስ የሚሰማው ሕመም ብቻ የሚመስለን ሰዎች ተሳስተናል፤ ጤነኛ ጥርስ አንዲት ፀጉር ብትገባበት ይለያታል። ያን የመሰለ ስሜት መኖሩን የማያውቀው ያላጣው ሰው ነው።

የቆዳው ነገር ደግሞ በሰው ፊት ያሳጣል። ውሃ ጠጥቼ ከከንፈሬ የተረፈው ጠብታ በአገጬ ሲወርድ አላውቅም። ልጄ ናት የምትነግረኝ። «አባዬ፣ ውሃ» ትላለች፣ በራሷ አገጭ ላይ ጣቷን እያደረገች። መጀመሪያ ሰሞን ጮክ ብላ ነበር። በኋላ፣ እንግዳ ሲኖር፣ ምንም ሳትናገር የራሷን አገጭ መጥረግ ጀመረች። የ7 ዓመት ልጅ ይህን ከየት እንደተማረችው እንጃ።

የሆነው ምን እንደሆነ ለመረዳት የነርቯን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ከአንጎል ከሚወጡት ነርቮች የፊት ስሜትን የሚያመላልሰው አምስተኛው ነው። አንዱ ቅርንጫፉ በታችኛው መንጋጋ ኋለኛ ክፍል፣ በውስጥ ገጹ ባለች ቀዳዳ ገብቶ አጥንቱን እንደ ቦይ ሰርስሮ ወደ ፊት ይመጣል፤ ሲያልፍ ለእያንዳንዱ ጥርስ ሥር ክር እየሰጠ። ከክራንቻ ኋላ ባሉት ትንንሽ መንጋጋ ጥርሶች ግድም ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በቀዳዳ ወደ ውጭ ወጥቶ የታችኛውን ከንፈርና የአገጭን ቆዳ ያዳርሳል። ሌላው ቀጭን ሆኖ እዚያው አጥንት ውስጥ ይቀጥልና የፊት ጥርሶችን ያገኛል።

መቁረጫው የሚገባው በዚህ በሁለተኛው ሠፈር ነው። የመጀመሪያው ነርቭ ይታያል፤ ሐኪሙ ቀዳዳዋን አይቶ ይጠነቀቅላታል፤ ቢሆንም ሥጋው ሲገፈፍና ከንፈሩ ለረጅም ደቂቃ ተገልብጦ ሲያዝ ይለጠጣል። ሁለተኛው ግን አጥንት ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ፣ የሚወሰደው ቁራጭ ጥልቅ ከሆነ ወይም ወደ ጥርሶቹ ሥር ከተጠጋ አብሮ ይቆረጣል። ለዚህ ተብሎ የወጣ ሕግ አለ፤ ከጥርስ ሥር ጫፍ 5 ሚሊ ሜትር፣ ከነርቯ መውጫ ቀዳዳ 5 ሚሊ ሜትር፣ ከመንጋጋው የታች ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር ራቅ የሚል። ቆየት ብሎ የነርቭ ቦዩን በሲቲ የተከተሉ ሰዎች ከጥርስ ሥሩ 5 አይበቃም፣ 8 ይሁን ብለዋል። አገጭ ግን ከአውድማ አይሰፋም። ከላይ 8፣ ከታች 5፣ ከግራ ከቀኝ 5 ተብሎ ሲከለል ከሰው ሰው የሚተርፈው ቦታ ይለያያል፤ አንዳንዱ ላይ የሚወሰድ ነገር አይኖርም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ከአገጭ አጥንት የተወሰደላቸውን 29 ሰዎች ከመንጋጋ ኋለኛ ክፍል ከተወሰደላቸው 24 ሰዎች ጋር አነጻጽሯል። በመጀመሪያው ወር ከአገጮቹ 29 ሰዎች 22ቱ የቆዳ ስሜታቸው ቀንሷል። ከ18 ወር በኋላም 15ቱ እንደዚያው ናቸው። ከመንጋጋ ኋላ ከተወሰደላቸው 24 መካከል ስሜት የቀነሰባቸው 5 ነበሩ፤ ያውም በጉንጭ በኩል ባለው የአፍ ሥጋ። በ18 ወሩ የቀረው 1 ሰው ነው።

ይህን ያነበብኩ ዕለት ወረቀቱን አስቀምጬ ወጥቼ በእግሬ ብዙ ሄድኩ። 22 ከ29 «ሊኖር ይችላል» አይባልም። 15 ከ29ም «ጊዜያዊ» አይባልም። ትንሽ ጥናት ነው፣ ሌላ ቦታ ሌላ ቁጥር ይገኛል፣ ይህንንም አውቃለሁ። ያም ሆኖ እነዚያን ሁለት ቁጥሮች ከመፈረሜ በፊት ባያቸው ኖሮ ቢያንስ አንድ ጥያቄ እጠይቅ ነበር፤ ከወዲያኛው ጋ አይሆንም?

ለእውነቱ ከሆነ ወዲያኛውም የራሱ ጣጣ አለው። ከመንጋጋ ኋላ የሚወሰደው ቁራጭ ሳሳ ይላል፤ ዋናው የነርቭ ቦይ ከሥሩ ያልፋል፤ አፍ ለሳምንታት በደንብ አልከፈት ሊል ይችላል፤ እምብዛም ቢሆን መንጋጋ የተሰበረበትም አለ። በአገጭ በኩል ደግሞ አገጭን የሚይዘው ጡንቻ ከአጥንቱ ጨርሶ ከተላቀቀና በደንብ ካልተሰፋ አገጩ ይወርዳል። ስፌቱ ሊከፈት፣ ቦታው ሊያመረቅዝ ይችላል። ከሁሉም የሚያስፈራው ቁርጡ የኋለኛውን የአጥንት ግድግዳ አልፎ በምላስ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ከነካ ነው፤ ደሙ የአፍን ወለል ሞልቶ ምላስን ወደ ላይ ይገፋና የአየር መንገድ ይዘጋል። ይህ የሚያጋጥመው ጥቂቱን ቢሆንም ለዚያ ጥቂት ሰው የደቂቃ ጉዳይ ነው። የእኔ ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ቀላል መሆኑ ግን የለም አያሰኘውም።

ከሁሉ ይልቅ ልጽፈው የፈለግሁት ቀጥሎ ያለውን ነው።

በሁለተኛው ዓመት ለጥርስ እጥበት ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ሲመረምረኝ ጥጥ ላይ በጣም የሚያቀዘቅዝ ነገር ነፍቶ ጥርሶቼን በተራ መንካት ጀመረ። የላይኞቹ ላይ ዘለልኩ። የታችኞቹ አራት የፊት ጥርሶች ላይ ሲደርስ ምንም። እንደገና ሞከረ። ምንም። «እነዚህ ሞተዋል» አለኝ፣ እጅግ በእርጋታ። አራቱም ሩት ካናል (ጥርሱን ሰርስሮ የውስጡን ነርቭ ማውጣት) ያስፈልጋቸዋል፤ ነገ ዛሬ ሳንል እንጀምር።

ስለ አገጬ ነገርኩት። «እሱ ቆየ እኮ» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ማንበቤ የጠቀመኝ። ቀዝቃዛው ጥጥ የሚጠይቀው ነርቭን ነው። ጥርስን በሕይወት የሚያኖረው ግን ደም ነው። ነርቩ ተቆርጦ ደሙ የሚደርሰው ጥርስ አለ፤ እሱ ደንቆሮ ነው እንጂ ሙት አይደለም። ሬሳንና የማይሰማን ሰው ስሙን በመጥራት ብቻ መለየት አይቻልም፤ ሁለቱም አይመልሱም። ራጅ እንዲነሳ ጠየቅሁ። ተነሳ፤ የአንዱም ሥር ጫፍ ላይ ጥቁር ጥላ የለም። ቀለማቸው አልጠቆረም። ድዱ አላበጠም። ሲንኳኩ አያሙም (እርግጥ በእንጨት ጥርስ ላይ ይህ ማስረጃ ይሁን አይሁን ያከራክራል)። «እንግዲያው እየተከታተልን እንቆይ» አልኩት። ፊቱ ባይፈታም ተስማማ።

ከዚህ ዓይነቱ ቀዶ ጥገና በኋላ በእርግጥ የሚሞት ጥርስ አለ። ስለዚህ ራጁን በየዓመቱ እነሳለሁ፤ ችላ በሉት ማለቴ አይደለም። ግን አራት ጤነኛ ጥርስ መልስ ባለመስጠታቸው ብቻ ሊሰረሰሩ ነበር። ይህ በስምምነት ወረቀቱ ላይ በየትኛውም መስመር አልተጻፈም፤ አደጋው ከቀዶ ጥገናው ወንበር ላይ ሳይሆን ከዓመታት በኋላ ታሪኩን ከማያውቅ ሰው ወንበር ላይ ሊመጣ እንደሚችል የሚናገር የለም። አሁን ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት ካርድ አለች፤ መቼ፣ ከየት፣ ምን ያህል አጥንት እንደተወሰደ፣ የትኞቹ ጥርሶች ለቅዝቃዜ እንደማይመልሱ ተጽፎባታል። ሐኪሞች ሲያነቧት ትንሽ ይስቃሉ፤ ግን ያነቧታል።

ካርዷን የጻፈችልኝ የመጀመሪያዋ ሐኪሜ ናት። በየወሩ ያነሳኋቸውን የአገጬን ፎቶዎች ይዤ ሄጄ ነበር። ነርቭ ከተመታ በኋላ በራሱ ጊዜ ይጠገናል፤ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል ይባላል። ሰርጀኑ ኸርበርት ሴደን እ.ኤ.አ. በ1943 የነርቭ ጉዳትን በሦስት ከፍሎ ነበር፤ የተጨፈለቀ፣ ውስጡ የተበጠሰ፣ ጨርሶ የተቆረጠ። የመጀመሪያው በሳምንታት፣ ሁለተኛው በወራት ይመለሳል፤ ሦስተኛው ብቻውን አይመለስም። የእኔ የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ ጊዜ ብቻ ስለነበር በየወሩ መጀመሪያ መስታወት ፊት እቆምና ዓይኔን ጨፍኜ የጥጥ ጭራ አገጬ ላይ አስኬዳለሁ፤ ስሜቱ ሲጠፋ ዓይኔን ገልጬ በእስክሪብቶ ነጥብ አደርጋለሁ። ነጥቦቹን አገናኝቼ ፎቶ አነሳለሁ። በመጀመሪያው ወር ከከንፈሬ ሥር እስከ አገጬ ጫፍ የተዘረጋ መሬት ነበር። በ5ኛው ወር በቀኝ በኩል ያለው ድንበር ሸሸ። ከመሸሹ በፊት አካባቢው ጉንዳን ይወርረው ነበር፤ ሌሊት ከእንቅልፌ የሚያነቃ ውርር። መልካም ምልክት ነው ቢሉኝም ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መልካም አይመስልም።

ሐኪሟ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ረጅም ጊዜ ወሰደች።

«ከመንጋጋዬ ኋላ ቢወሰድ ኖሮ አይሆንም ነበር?» አልኳት።

«ይሆን ነበር» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ጨመረች፤ «እጄ የለመደው አገጭ ነው።»

ተቆጥቼ ነበር የሄድኩት። ይህን ስትለኝ ግን ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። አገጭ ከፊት ለፊት ነው፣ ይታያል፣ መሣሪያው ይገባል፤ ሐኪሙ የሚማርበትም ቀድሞ እሱ ሳይሆን አይቀርም። እኔም በሙያዬ እጄ የለመደውን ነገር ስንቴ «ይህ ነው የሚሻለው» ብዬ ለሰው ሸጫለሁ። ቢሆንም ልዩነት አለ፤ የእኔ ስህተት ይደለዛል። ዛሬ ዳግመኛ ብጠየቅ ለአንዲት ጥርስ ክፍተት አገጬን አልሰጥም። ከኋላ ይወሰድ እላለሁ፤ አለበለዚያ በአጥንት መፋቂያ መሣሪያ የሚሰበሰብ ትንሽ የራሴ አጥንት ከተዘጋጀው ጥራጥሬ ጋር ተደባልቆ ይሞከር። መሮው ቀርቶ በድምፅ ሞገድ ንዝረት በሚቆርጠው መሣሪያ ይሁንልኝም እላለሁ፤ እሱ ለስላሳውን አካል ከመጋዝ ይልቅ ይምራል። ብዙ ጥርስ ላጣ ሰው፣ ብዙ አጥንት ለሚያስፈልገው፣ ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ለእሱ አገጭ ርካሽ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻውን ፎቶ ያነሳሁት ባለፈው ወር ነው። መሬቱ ጠቦ ጠቦ ከመሐል ትንሽ ወደ ግራ የምስር ፍሬ የምታህል ደሴት ቀርታለች። ከጥርሶቹ ደግሞ በቀኝ ዳር ያለው ባለፈው ምርመራ ላይ ጥጡ ሲነካው የሆነ ነገር አለኝ፤ ቅዝቃዜ አልለውም፣ ግን ዝምታም አልነበረም። ሐኪሙ «ተሰማዎት?» ሲለኝ ምን እንደምለው ጠፍቶኝ «ድገመው» አልኩት። ደገመው። ሁለተኛው ላይ እርግጠኛ አልነበርኩም።